የዓለም ጤና ድርጅት የኤምኤች ጋፕ መመሪያና መተግበሪያ፦ አረጋውያንን ለሚያስታምም ሰው ምን ያህል ይበቃል?

በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የምከታተል ነርስ ነኝ። የሥራዬ ግማሽ ቁስል ማጠብ፣ ደም ግፊት መለካትና መድኃኒት በሰዓቱ መወሰዱን ማየት ነው። ሌላው ግማሽ በማዘዣ ወረቀት ላይ ብዙም ቦታ አያገኝም፦ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አባት፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰው የሸሹ እናት፣ በመሸ ቁጥር «ቤቴ ውሰዱኝ» እያሉ በገዛ ቤታቸው በር ላይ የሚቆሙ ሽማግሌ።

ለእነዚህ ሰዎች የሚደረገው እንክብካቤ በመመሪያ ይመራል፤ መመሪያው ደግሞ ይቀየራል። አንድ ሰሞን ያለ ሐሳብ ይታዘዝ የነበረ መድኃኒት ሌላ ጊዜ «አይመከርም» ይባላል። ለውጡ ዘግይቶ ከደረሰን የሚጎዱት እኛ ሳንሆን እነሱ ናቸው። ስለዚህ ለውጦቹን የምከታተልበትን ዋነኛ መሣሪያ፣ በተለይ ለአረጋውያን ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጎድለው፣ በዝርዝር ልጽፍ ወሰንኩ። ሌሎች ነርሶችም፣ ወላጆቻቸውን በቤት የሚያስታምሙ ልጆችም ይጠቀሙበታል ብዬ አስባለሁ።

መሣሪያው ኤምኤች ጋፕ ተብሎ የሚጠራው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም ያወጣቸው ሰነዶችና የስልክ መተግበሪያ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰነዶቹ ላይ የምታገኙት እንዲያ ስለሆነ።) ፕሮግራሙ የተጀመረው በ2008 ሲሆን ዓላማው የአእምሮ፣ የነርቭና የሱስ ሕክምና የሥነ አእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ጭምር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው የሕክምና መምሪያ (ምርመራውንና ሕክምናውን ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው መጽሐፍ) በ2010 ወጣ፤ ሁለተኛው እትም በ2016፤ መተግበሪያው በ2017። ከዚያ በኅዳር 2023 መምሪያው የሚመሠረትበት መመሪያ (የምክረ ሐሳቦቹ ስብስብ) ታድሶ በሦስተኛ እትም ወጣ፦ 48 ምክረ ሐሳቦች አዲስ ገቡ ወይም ተሻሻሉ፣ 90 የቀድሞዎቹ ደግሞ ባሉበት ጸኑ። ሁሉም በነፃ ይወርዳል። ምዝገባ ወይም ክፍያ የለውም።

በጣም የምወደው የምክረ ሐሳቦቹ አቀራረብ ነው። እያንዳንዳቸው አጭር ናቸው። ከሥራቸው ሁለት ነገር ተጽፎ ታገኛላችሁ፦ ምክሩ ጠንካራ ነው ወይስ እንደ ሁኔታው የሚታይ፣ የተመሠረተበት ማስረጃስ ምን ያህል አስተማማኝ ነው፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ወይስ በጣም ዝቅተኛ። ይህን ሳላይ ምንም ምክር ለቤተሰብ አላስተላልፍም። አንድ ምክር «ጠንካራ» ከሆነ ለሐኪሙ ደውዬ በድፍረት እጠይቃለሁ። «እንደ ሁኔታው» ከሆነ ደግሞ የዚያን ሰው ዕድሜ፣ ኩላሊት፣ ልብና የቤት ሁኔታ ይዤ እንወያያለን።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የማያቸው አንዲት እናት የጭንቀት ማረጋጊያ ኪኒን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ኖረዋል፤ ዳያዜፓም ነው። ልጃቸው አንድ ቀን «ይህ ነገር እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። እናቷ ከአልጋ ሲነሱ እየተንገዳገዱ፣ ቀኑንም እየደነዘዙ መጥተው ነበር። የ2023ቱ መመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ የዳያዜፓም ዓይነት መድኃኒቶች ለአዋቂዎች የዘለቀ ጭንቀት ወይም ለድንጋጤ መታወክ ሕክምና አይመከሩም፤ ድንገተኛና ብርቱ ጭንቀት ሲያጋጥም ብቻ፣ ያውም ከ3 እስከ 7 ቀን ቢበዛ፣ ሊታሰቡ ይችላሉ። ለአረጋውያን የመውደቅና የመደናበር አደጋ ሲጨመርበት ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ገጹን ለልጅቱ አሳየኋት፤ አብረን ወደ ሐኪሙ ሄድን፤ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንዲቆም ተወሰነ። ይህን የምታነቡ ቤተሰቦች አደራ፦ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ እንዲህ ያለ ኪኒን በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ የሚጥል በሽታ እስከማስነሳት ይደርሳል። መመሪያውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ እንጂ ራሳችሁ አታቁሙ።

የመርሳት በሽታ ክፍሉ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሲቆጣ፣ ሲጮኽ፣ ሲንከራተት ቤተሰብ ይደክማል። በድካሙ ላይ «የሚያስተኛው መድኃኒት» ይጠየቃል። መመሪያው እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉት ለዚህ ፈጽሞ አይሰጡ ይላል። ሃሎፐሪዶልና አዳዲሶቹ የሳይኮሲስ (ከእውነታ የመነጠል ሕመም) መድኃኒቶች ደግሞ የመጀመሪያ አማራጭ መሆን የለባቸውም፤ በሰውየው ወይም በሌላ ሰው ላይ ግልጽና ቅርብ አደጋ ሲኖር ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ሊታሰቡ ይችላሉ። ይህ ጥንቃቄ ከባዶ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 በአዳዲሶቹ፣ በ2008 ደግሞ በነባሮቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ላይ እጅግ ጥብቅ የሆነውን ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈው የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ሲወስዷቸው የመሞት ዕድላቸው እንደሚጨምር ስለታየ ነው። ያ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ብዙ ዓመት አልፏል። ሆኖም ዛሬም ቤት ለቤት ስሄድ «ለመረበሽ» ተብሎ ለወራት የቀጠለ ሃሎፐሪዶል አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ያመኛል። ፖሊሲ ወጥቶ ማዘዣው ጋ ሳይደርስ እንደሚቀር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

መምሪያው ከመድኃኒት በፊት ምን እንደሚደረግም ያስተምራል። የባሕርይ ለውጡ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድንገተኛ መደናበር ነው፤ ከኋላው የሽንት ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ቀስ ብሎ ከመጣ ደግሞ ድባቴ መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ በአረጋውያን ላይ ድባቴ የመርሳት በሽታ መስሎ ይመጣልና። ይህ ቅደም ተከተል በሥዕላዊ መንገድ «አዎ» እና «አይደለም» እያለ ስለሚወስዳችሁ፣ በደከማችሁበት ቀንም ደረጃ አያዘልላችሁም። መተግበሪያው በዚህ ረገድ ከወረቀቱ ይሻላል። ስለ ራስን ማጥፋት ያለው ክፍልም መታወቅ አለበት፦ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጭር በግልጽ ይናገራል። አንድን አረጋዊ ሰው «አባባ፣ መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉኝ፤ ይህን ገጽ ሁልጊዜ አሳያቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የመምሪያው የ2016 እትም ለልጆችና ለወጣቶች ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የ2023ቱም መመሪያ ከ11 ክፍሎቹ አንዱን ለእነሱ ሰጥቷል። ለአረጋውያን ግን የለም። እርግጥ የመርሳት በሽታ ክፍል አለ። ነገር ግን እርጅና የመርሳት በሽታ ማለት አይደለም። ከምከታተላቸው ሰዎች ብዙዎቹ አእምሯቸው እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ የሚያሰቃያቸው ድባቴ፣ ሐዘን፣ ብቸኝነት፣ ጭንቀት፣ አንዳንዴም መጠጥ ነው። የእነሱ ጉዳይ በየክፍሉ ተበታትኗል። ድባቴ ላይ ሄዳችሁ ስለ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች የሚናገረውን ማስታወሻ ካልፈለጋችሁ በስተቀር፣ ለአረጋውያን አሚትሪፕቲሊንን ማስወገድና ፍሉኦክሴቲንን ማስቀደም፣ ያንንም በዝቅተኛ መጠን መጀመር እንደሚገባ አታገኙትም። ይህ በትንሽ ፊደል የሚቀመጥ ጉዳይ አይደለም። አሚትሪፕቲሊን አንድን አረጋዊ ሰው ሽንት ሊያግደው፣ ሊያደናብረውና ሲነሳ አዙሮት ሊጥለው ይችላል፤ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ብዙ ጊዜ የነፃነት ማብቂያ ነው።

ይህ ቸልተኝነት በአንድ ሰነድ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ድርጅቱ የሚያወጣው አዲሱ ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ (የበሽታዎች ይፋዊ ዝርዝር) ሊጸና ሲል «እርጅና» ራሱ እንደ ምርመራ ውጤት ሊጻፍ ታስቦ ነበር። የአረጋውያን ተቆርቋሪዎችና ተመራማሪዎች በ2021 አጥብቀው ተቃወሙ፤ ስያሜውም ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የተፈጥሮ አቅም መቀነስን በሚገልጽ ሐረግ ተተካ። ምደባው ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ተቃውሞው ባይነሳ ኖሮ «ምን ሆነው ነው?» ለሚለው ጥያቄ «አርጅተው» ብሎ መመለስ ይፋዊ ይሆን ነበር። በዚሁ ምደባ የተራዘመ ሐዘን ራሱን ችሎ ገብቷል፤ ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ ከአካባቢው ባህል ወግ ያለፈና ኑሮን የሚያሰናክል ሐዘን ማለት ነው። በእርጅና የትዳር ጓደኛን ማጣት ለተለመደበት ሥራችን ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የጊዜ ጉዳይ ስለሆነ ጠንቀቅ በሉ። በ2017 የወጣው መተግበሪያ የተሠራው የ2016ቱን እትም ይዞ ነው፤ መሠረቱ የሆነው መመሪያ ግን በ2023 ታድሷል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለው ቅጂ የትኛውን ዓመት እንደሚከተል ሳታዩ አትመኑት። እኔ አሠራሬን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ ምርመራውን ደረጃ በደረጃ ለመሄድ መተግበሪያውን እጠቀማለሁ፤ መድኃኒት ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ሲመጣ የ2023ቱን ፒዲኤፍ እከፍታለሁ። በስልኬ ላይ የመርሳት በሽታ፣ የድባቴ፣ የጭንቀትና ራስን የመጉዳት ክፍሎቹን ለየብቻ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሙሉውን ሰነድ በሥራ መሐል ማገላበጥ አድካሚ ነው። የድርጅቱ ድረ ገጽ በስድስቱ የተባበሩት መንግሥታት ቋንቋዎች የቀረበ ሲሆን አማርኛ ከእነዚህ ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ ለቤተሰብ የምትሰጡትን ራሳችሁ በቀላል አነጋገር ማዘጋጀት ይኖርባችኋል።

ከ2023ቱ ለውጦች ልቤን ያሞቀው አስታማሚዎችን የሚመለከተው ነው። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ ሰዎች ስለ በሽታው ትምህርት፣ የምክር አገልግሎትና የሥነ ልቦና ድጋፍ እንዲቀርብላቸው ይመክራል፤ አስታማሚው የሚያርፍበት ጊዜ እንዲያገኝም እንዲታሰብ ይላል። ለበሽተኛው ደግሞ በሳምንት ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ የሚቆይ፣ ከ12 ሳምንት በላይ የሚዘልቅ የሰውነት እንቅስቃሴ ያዛል። እንዲህ በቁጥር ሲቀመጥ ሥራ ይሆናል። «ትንሽ ይንቀሳቀሱ» የሚለውን ምክር ማንም አይፈጽመውም፤ ቀኑና ደቂቃው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ግን ልጆች ተራ ይገባሉ።

ለእነዚሁ አስታማሚዎች ድርጅቱ በ2019 ያወጣው አይሰፖርት የሚባል ሥልጠናም አለ፤ ከመመሪያው ጎን ለጎን ሳልጠቅሰው አላልፍም። አምስት ርእሶች አሉት፦ በሽታው ምንድን ነው፣ አስታማሚ መሆን፣ ራስን መንከባከብ፣ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ፣ የባሕርይ ለውጥን መቋቋም። ቤተሰብ በራሱ ፍጥነት ይማረዋል። ራስን መንከባከብ የሚለው ክፍል ከዕለታዊ እንክብካቤው ቀድሞ መምጣቱ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። በዓለም ደረጃ ለመርሳት በሽታ ከሚውለው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው፤ በምሄድበት ቤት ሁሉ የማገኛት አንዲት ደክሟት የማትናገር ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ለእሷ ምንም ሳልይዝ መግባት አልወድም።

ከመመሪያው በላይ ያለውን ውሳኔ ማየት ለምትፈልጉ፣ ዋናው ወር ግንቦት ነው፤ የዓለም ጤና ጉባኤ በየዓመቱ የሚሰበሰበው በዚያን ጊዜ ነው። በግንቦት 2017 የጸደቀው የመርሳት በሽታ ዓለም አቀፍ የድርጊት መርሐ ግብር እስከ 2025 ድረስ ከአገሮች 75 በመቶው የራሳቸው ፖሊሲ እንዲኖራቸው ግብ ጥሎ ነበር። በ2021 የወጣው የድርጅቱ ሪፖርት ፖሊሲ ያላቸው ሩብ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ግንቦት 2025 ላይ ጉባኤው መርሐ ግብሩን እስከ 2031 አራዘመው፤ የነርቭ በሽታዎችን ከሚመለከተው ሌላ መርሐ ግብር ጋር ማብቂያው አንድ እንዲሆን። በዚያው ጉባኤ ስለ ማኅበራዊ ትስስር የመጀመሪያው ውሳኔ ተላለፈ፤ ብቸኝነት እንደ ጤና ጉዳይ ተቆጠረ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሚያዝያ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የአረጋውያንን መብት የሚመለከት አስገዳጅ ስምምነት የሚያረቅ የመንግሥታት የሥራ ቡድን እንዲቋቋም ወስኗል።

እነዚህን ለምን አነሳለሁ? የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ወይም የማኅበራችን ሰብሳቢ «በጀት የለም፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ሌላ ነው» ሲሉ፣ አገራት ያጸደቁትን ስሙንና ዓመቱን ጠርቶ መናገር የሚችል ሰው ስለሚደመጥ ነው። አገሮች በዚህ ረገድ የት እንዳሉ ለማየት የድርጅቱ የመርሳት በሽታ መከታተያ ማዕከል በ35 መለኪያዎች ፖሊሲን፣ አገልግሎትን፣ መረጃንና ምርምርን ያነፃፅራል። ለዕለት ሥራ አያገለግልም፤ ደብዳቤ ለሚጽፍ ግን ጥሩ ምንጭ ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የምቀንሰው ለአረጋውያን የተለየ ክፍል ስለሌለው ነው። ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ከሆናችሁ የ2023ቱን መመሪያ ዛሬውኑ አውርዱ። የመርሳት በሽታ ያለበት ወላጅ የምታስታምሙ ከሆናችሁ ከአይሰፖርት ጀምሩ፤ መመሪያው ውስጥ የምትፈልጉት የመርሳት በሽታ ክፍልን ብቻ ነው፣ እሱንም ከሐኪማችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት። የመድኃኒት ማዘዣዎቹን በሙሉ ይዛችሁ መሄድ አትርሱ፤ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ሰው የታዘዙት አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተዘረጉ የትኛው ከመመሪያው ጋር እንደሚጋጭ ሐኪሙም ሊያይ አይችልም።